የእማማ በቀለች ዘጠኝ ሰዓት

ይኸነውን ሰነፍ ነው የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። እንጅባራ ባለችው ትንሽ የዓይን ሕክምና ፕሮጀክት ቢሮ ሰባት ዓመት ቀጠሮ ሲይዝ ኖሯል፤ እኔም ከጎኑ ካርድ ሳወጣ። ከአዲስ አበባ በኢሜይል የሚላከው ቀጠሮ ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ነው። እሱ ካሌንደሩን እያየ ወደ እኛ ሰዓት ይመልስና ለበሽተኛው በወረቀት ይጽፍለታል። አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ባለፈው ኅዳር ኢሜይሉም ካሌንደሩም ድርግም አለ። ኔትወርክ ነው ሲሉን፣ ሰርቨር ነው ሲሉን አራት ቀን ሞላው። ይኸነው ያንን ኮምፒውተር ሲከፍት ሲዘጋ፣ እኔ "ተወው በቃ፣ አንተ ደረቅ" እያልኩ ስቆጣው ሰነበትን። ከአዲስ አበባ የሚላኩት ሐኪሞች ደግሞ የከተማችን ሆስፒታል የሚመጡት ለግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለከርሞ። የሌሎቹ ቀጠሮ አስቀድሞ ታድሏል። የቀሩት የዘንገናዋ እማማ በቀለች ነበሩ። አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም በዓይን ግፊት እያለቀ ነው። አሁን ካልታከመ ለከርሞ አይቆይም ተብሏል።

የአዲስ አበባው አስተባባሪ በስልክ "ዘጠኝ ሰዓት ይግቡ" አለው። ሰውዬው የለመደው የፈረንጁን ሰዓት ነው፤ በአማርኛ ሲናገረው ግን ማን ይጠረጥራል? ይኸነው "9 ሰዓት" ብሎ ጽፎ ሰጣቸው።

በቀኑ እማማ በቀለች ስምንት ሰዓት ላይ ቢሯችን ደረሱ።

"እንዳላረፍድ ብዬ ቀደም ብዬ ወጣሁ" አሉ ደስ ብሏቸው።

ይኸነው ሆስፒታል ሊያደርሳቸው ተነሳና ከሐኪሞቹ ጋር ለመጣው አስተባባሪ ደወለ። "ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረን ጠበቅናቸው፣ ቀሩ። አሁን ቡሬን አልፈናል" አለው። ይኸነው ተመለሱልኝ ብሎ በእናታቸው ለመናቸው። አይሆንም አሉት።

"ሄደዋል እማማ። ቀጠሮው ለካ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር" አላቸው።

ወረቀቱን ከመቀነታቸው ፈትተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ቁጥር የለዩት ድሮ በመሠረተ ትምህርት ነው።

"ዘጠኝ መስሎኝ እኮ ነው ልጄ። ይቺ ዓይኔ አታለለችኝ ማለት ነው። እናንተንም አለፋኋችሁ፣ ይቅር በሉኝ።"

ወረቀቱ ዘጠኝ እንደሚል፣ ዓይናቸው በትክክል እንዳነበበ የነገራቸው ሰው የለም።

"ምንም አይደል እማማ" አላቸው ይኸነው። እኔም በሩን ከፈትኩላቸው።