አዳኝ፣ ሲላላም ሲጠብቅም

ሰውየው ፈጣሪ ራሱ «ደህና አደርክ?» ቢለው «ምን ፈልጎ ይሆን?» የሚል ጠርጣራ ነበር። ሥራው ፊልም ማንበብ ነው። አዎ፣ ማንበብ። በሰፈሩ ሲኒማ ቤት የውጭ ፊልም ሲታይ፣ ከመጋረጃው ጎን ማይክሮፎን ይዞ ይቀመጥና የትርጉሙን ወረቀት እያየ ለሁሉም ተዋናይ ይናገራል። ንጉሡም እሱ፣ ሌባውም እሱ፣ የምታለቅሰው ሙሽራም እሱ።

ቅጽል ስሙን ያገኘው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። በአንድ ፊልም ላይ ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ ወንዝ ዳር ይወርዳል፣ ሰው ያቆሸሸውን ውሃ በጣቱ ይነካል፣ ብዙ ዝም ይልና «ልናድን መጥተናል» ይላል። እሱ ቃሏን አላልቶ፣ ለስለስ አድርጎ ሲያነባት አዳራሹ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው «አዳኝ» ይለዋል። የተጣሉ ጎረቤታሞች እንኳ «አዳኝ ካለ እውነት ነው» ብለው ይታረቃሉ። በዚህ ስም ጠርታው የማታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። «እኔን ከምን አዳንከኝ?» ትለዋለች።

እውነቷን ነው። የሰው ልብስ የምታጥበው ከሰፈሩ ቆዳ ፋብሪካ በታች በሚወርደው ወንዝ ነው፤ ውሃው አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቡናማ ይሆናል። የእጇ ቆዳ ከተላጠ ቆይቷል።

ታዲያ አንድ ቀን የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ጥርስ በጥርስ ሆኖ መጣ። ያ ፊልም እንደ አዲስ ተሠርቷል፤ ፋብሪካው ለሰፈሩ ሰው በነጻ ሊያሳየው ነው፤ አንባቢው ግን አዳኝ ብቻ ይሁን ብሏል። ሰውየው ወዲያው ጠረጠረ።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል» አለ። «ይኼኛው ደግሞ በሚያውቁት አገር መጥቶ ነው የሚለው።»

ፊልሙን አስቀድሞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አየው። ምን ፊልም አለና! ከተማ ይፈርሳል፣ መኪና ይበራል፣ ደኑ ሁለት ደቂቃ ተቃጥሎ ይረሳል። ወንዙ ጭራሽ የለም። እንግዳው ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ሲለፈልፍ አንዴ እንኳ ዝም አላለም። ሰውየው የገዛ ወጣትነቱን የሰረቁት ያህል ከፋው።

የትርጉሙን ወረቀት ሲያገላብጥ ደግሞ የመጨረሻው ገጽ ከሌላው ይለያል፤ ወረቀቱ ነጭ፣ ጽሑፉ ደማቅ። እንዲህ ይላል፦ «እንግዳው ምድርን እንዳዳነ ሁሉ፣ እኛም የፋብሪካው ሰዎች ይህን ሰፈር ልናድን መጥተናል።» የሲኒማ ቤቱን ባለቤት ወጥሮ ሲይዘው አንገቱን እያከከ እውነቱን አወጣ። ፋብሪካው እስከ ወንዙ ሊሰፋ ነው፤ ሕዝቡ ከፊልሙ ሲወጣ በር ላይ የስምምነት ወረቀት ይፈርማል፤ የአዳኝን ድምፅ ደግሞ ማንም አይጠራጠርም። ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ ሌላውን ሲጠራጠር፣ በገዛ ድምፁ ሊሸጡት እንደሆነ ገባውና አፈረ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ እጇን ቅባት እየቀባች ነበር። ነገራት። አላነብም ቢል ሌላ ያነባል፤ ቃል ቢቀይር ከወረቀቱ ወጣህ ተብሎ ወዲያው ያስቆሙታል። ሚስቱ ሁለቱን እጆቿን ፊቱ ዘረጋችለት።

«እነዚህን እያየህ አንብበው» አለችው።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ከሰውየው አጠገብ ከረባት ያሰረ የፋብሪካው ሹም ተቀምጦ፣ የወረቀቱን ግልባጭ በጣቱ መስመር በመስመር ይከተላል። ለካ እሱም ጠርጣራ ኖሯል! ሰውየው አንዲት ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ አነበበ። የመጨረሻው ገጽ ደረሰ። «...ይህን ሰፈር ልናድን መጥተናል» አለና «ድ»ን አጠበቃት፣ ልክ ሚዳቋ እንደሚያድን ሰው።

ሹሙ ደንግጦ ቀና አለ። ወረቀቱን አየ፤ ጣቱን አየ። ፊደሉ ያው ነው።

ከኋላ አንዲት ጆሯቸው የከበደ አሮጊት «ምን አለ?» ሲሉ፣ ልጃቸው «ሊያድኑን ነው የመጡት» አለች፣ አጥብቃ። ሳቁ ከዚያ ተነሳ። በር ላይ የፈረሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ የፋብሪካው ዘበኞች።

«ምንድን ነው ያነበቡት?» አለ ሹሙ፣ ግልባጩን እያውለበለበ።

«የተጻፈውን። የተሳሳተ ፊደል ካለ ያሳዩኝ።»

ሲኒማ ቤቱ ግን በማግስቱ ጠረጴዛውንም ማይክሮፎኑንም አነሳ። ሰውየው ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ሥራ አጥቶ ቤት ዋለ፤ ጎረቤት ሊያጽናናው ሲመጣ እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን ይላል። ድምፁ ናፈቀው፤ ብቻውን ሲሆን የድሮዎቹን ተዋናዮች እያንሾካሾከ ያነባቸዋል።

አንድ ጠዋት ሚስቱ ሳፋዋን አስቀምጣ ከግቢው ተጣራች። ከወንዙ ርቃ የምታጥብበትን ውሃ አሁን ከሩቁ ቧንቧ በጀሪካን የሚያመላልስላት እሱ ነው።

«አዳኝ፣ ውሃው አልቋል» አለች።

ብድግ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑን አጥብቦ አያት።

«አሁን እንዴት አድርገሽ ነው የጠራሽኝ? አላልተሽ ነው አጥብቀሽ?»

ሚስቱ የተላጠ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ስሙን አላልታ ደገመችለት።