ሁለት ገጽ ውጤት

ሆስፒታሉ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «መትረየስ» ነው የሚላት፣ በጣቶቿ ፍጥነት። የናሙና ምርመራ ክፍሉን ውጤት ከሐኪሙ የእጅ ጽሑፍ ላይ እያየች መተየብ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ከቃላቱ አንድ ፊደል አትስትም፤ ትርጉማቸውን ግን ያላዩት አገር አይናፍቅም ብላ ትታዋለች። ደግሞስ ምን ያስጠይቃታል? የራሷ መለኪያ አላት። ውጤቱ ካጠረ ደህና ነው፤ ከረዘመ ነገር አለ። ወረቀቱን በመስኮት ስታቀብል አጭር የደረሰውን «አይዞህ፣ ቀላል ነው» ትለዋለች። ረጅም የደረሰውን ቀና ብላም አታየው።

ባለቤቷ አናጢ ነው። ሰገራው እየጠቆረ፣ ደሙ እያነሰ ወራት ከቆየ በኋላ በቀዶ ሕክምና ከጨጓራው ላይ ዕጢ ወጣለት። ማክሰኞ ጠዋት የእሱ ውጤት እንዲተየብ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ፤ ግጥም ያለ ሁለት ገጽ።

ወረቀቱን አፈፍ አደረገች። ሳታንኳኳ ሐኪሙ ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ ስንት ጊዜ ቀረው?»

«ለማን?»

«ለባለቤቴ ነዋ! ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈውበት!»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቁጭ በይ እስቲ። ካርሲኖማ የምንለው፣ ክፉው ካንሰር፣ ከጨጓራው ውስጠኛ ሽፋን ነው የሚነሣው። የባልሽ ግን ከግድግዳው መሐል የበቀለ ነው፤ ጂስት ይባላል። ይሄም ቢሆን የሚከፋ አለው። ስለዚህ መጠኑን ለካሁ፣ ሴሎቹ በምን ፍጥነት እንደሚባዙ ቆጠርኩ፣ ጠርዙን አየሁ። ትንሽ ነው፣ ዝግ ያለ ነው፣ ተጠርጎ ወጥቷል። በየጊዜው ክትትል ያደርጋል እንጂ ደህና ነው። ይሄን ሁሉ ስጽፍ ነው የረዘመብኝ።»

አለቀሰች፤ የደስታ ነው። አመስግና ተነሣችና በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«አጭር ሲጽፉስ... ደህና ነው ማለት አይደለም?»

«አንዳንዱ ደህና ስለሆነ ያጥራል። አንዳንዱ ደግሞ ክፉነቱ ግልጽ ነው፤ ምን ይጻፍበታል?»

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ትናንት አንዲት እናት አራት መሥመር ውጤቷን ተቀብላ፣ «ቀላል ነው» ስትባል፣ «አፍሽ ይባረክ» ብላት ሄዳለች። መትረየስ ቅጂውን ከመሳቢያው አወጣች። በገዛ ጣቶቿ የጻፈችውን፣ ፊደል ያልሳተችበትን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛው መሥመር ላይ ካርሲኖማ ይላል።

የሴትዮዋ ስልክ ቁጥር ከታች አለ። ስልኩን አነሣች፤ ጣቶቿ ግን እያንዳንዷን ቁጥር እየፈለጉ ነበር የሚጫኑት።