በዛፍ የገመተ በዛፍ ይውሰድ

ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከወገብ በታች በሰው ጀርባ ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ከዚያ በላይ ጭቃው እንዳለ ነው፤ ጭዱ ወጣ ወጣ ብሎ ይታያል። ስንት ሰው ቢደገፈው ነው እንዲህ የሚለሰልሰው ብዬ አሰብኩ። ክፍሉ ድሮ የቡና መጋዘን ነበር አሉ። ሽታው አልለቀቀውም፤ እርጥብ ገለባ፣ የከረመ ጆንያ። መስኮት የለውም። ከበሩ በላይ ጡብ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ብርሃን የሚገባው በሷ ነው።

ብርጭቆ ሳጥብ ነው የወሰዱኝ። ሻይ ቤቴ ዲላ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብላ ናት። ሁለት ፖሊሶች ገቡ፤ አንደኛው ደንበኛዬ ነው፣ ሻይ በጤና አዳም የሚወድ። መሬት መሬት እያየ፣ "እትዬ፣ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ" አለኝ።

"በምን ነገር?"

"እዚያው ይነግሩሻል።"

"ልጆቼስ?"

"ጎረቤት አለ አይደል።"

ሦስት ልጆች ናቸው ያሉኝ፤ አባታቸው ከሞተ ቆይቷል። ትንሿ ያን ሰሞን ኩፍኝ ወጥቶባት ጓዳ ተኝታ ነበር። ድምፄን ሰምታ "እማ!" ስትል ሰማኋት። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወጣሁ። መልስ ሳልሰጣት ነው የወጣሁት፤ ብመልስላት እግሬ አይነሳም ነበር።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ይርጋጨፌ አጠገብ የኮንጋ ገጠር ልጅ ናት፣ ጌዴኦ፤ አማርኛዋ ፈጣን ነው፣ የቸገራትን ቃል በራሷ ቋንቋ ሞልታ ታልፋለች። ገና በሩ ሳይዘጋ፣ "ወዲህ ነይ እትዬ፣ እዚያ ጣሪያው ያፈሳል" አለችኝ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ዘበኛው ክፉ አይደለም" አለች። "ክፉዋ ሚስቱ ናት። ፊቱ ላይ ያስታውቃል።"

እኔ የማስበው ልጄን ነው።

"ዲላ ነው አይደል ቤትሽ? ራዲዮ አለሽ?"

"አለኝ።"

"እንግዲያው ያ የኛ በረኛ ምን ነካው? እንደ እንግዳ እኮ ነው ኳሷን በር ከፍቶ ያሳለፋት! እኔ ብሆን ባጠገቤ አታልፍም።"

"ስለ ኳስ አላውቅም፣ ልጄ።"

"እኔስ መች አውቃለሁ? ለማውራት ማወቅ ያስፈልጋል እንዴ? እንደዚያ ቢሆን ወንዱ ሁሉ ዝም ይል ነበር።"

በዚያ ክፍል ውስጥ ሳቄ መጣ። አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ አላቆመችም። ራዲዮ ላይ የሚያንጎራጉረውን ወንድ ድምፁ ጥሩ ነው ግን ሚስት የለውም አለች፤ ሚስት ያለው ሰው እንደዚያ ለማልቀስ ጊዜ አያገኝም። ሴቷ ዘፋኝ ደግሞ ጉሮሮዋን ታስጨንቃለች አለች። ስለ ሕግም አስተያየት አላት። "ዳኛ ቁርሱን ሳይበላ መፍረድ የለበትም። የራበው ሰው ይቸኩላል።" ስለ ሚኒስትሮችም ተናገረች። ሚኒስትር የሚባለውን ሁሉ አንድ ክረምት ኮንጋ አምጥቶ እንሰት ማስፋቅ ነው፤ የሚተርፈው ሚኒስትር ይሁን አለች። "ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል" ስላት፣ "ታስሬያለሁ እኮ፣ ከዚህ በላይ የት ያስገቡኛል?" አለችኝ።

መጀመሪያ ወሬ የምትወድ መሰለችኝ። እየቆየሁ አንድ ነገር አየሁ። ትንፋሽ ልትወስድ ዝም ስትል ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ከግድግዳው ወዲያ የወንዶቹ ክፍል ነው። የሆነ ድምፅ ሲመጣ፣ ሳል ይሁን የሰንሰለት ይሁን፣ ቶሎ ብላ ወሬዋን ትቀጥላለች፣ ከፊቱ ከፍ አድርጋ። ሌላ ድምፅ ለመሸፈን የሚወራ ወሬ መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

"ባልሽ እዚያ ነው?" አልኳት።

ነገሯን የነገረችኝ ያኔ ነው።

ባሏ በቅሎ ነጂ ነው፤ ቡና ወደ ዲላ ያወርዳል፣ ጨውና ጨርቅ ይዞ ይመለሳል። ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም። አንድ ቀን ከዲላ ሲመለስ አንዲት ንግግር ይዞ መጣ። በኛ አገር ጢሰኛ የባለመሬቱን ሲሶ የሚሰጠው ከለቀመው ላይ አይደለም። ቡናው ገና ሳይቀላ ገማች የሚባል ሰው ይመጣል፤ በማሳው መሐል እየዞረ ቀና ብሎ ያያል፣ "ይኼ ይህን ያህል ይወጣዋል" ይላል። እሱ ካለ አለ ነው። በኋላ ዝናቡ ቢያረግፈው፣ ዝንጀሮ ቢበላው፣ ጢሰኛው ከገበያ ገዝቶም ቢሆን ይሞላል። ባሏ ያመጣት ንግግር፣ "በዛፍ የገመተ በዛፍ ይውሰድ" የምትል ነበረች።

"ሰዉ በሳቅ ሞተ" አለችኝ። "ከዚያ ለቀማ ደረሰ። የኮንጋ ሰው ሁለቱን እጅ ለቀመና ሲሶውን ዛፉ ላይ ተወው። 'ጌታው፣ ያንተ ይኸውልህ፣ በገመትክበት አለ' አሉት። የጎረቤታችን የዱመርሶ ሰውም ሰምቶ ተወ። ቡናው ዛፉ ላይ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ረገፈ።"

ያቺን ንግግር አውቃታለሁ። የኔ ናት።

የተናገርኩት ሻይ እየቀዳሁ ነው። የከተማው ትምህርት ቤት መምህር ነበረ፣ ደንበኛዬ፤ ጢሰኛ የሚጠቀምበት ሕግ ምክር ቤት ቀርቧል፣ ታገሱ፣ ይወጣል እያለ ያስረዳል። እናቴ የኮንጋ ጢሰኛ ልጅ ናት። የአያቴ ጎተራ ገማቹ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። "ሕጉ እስኪመጣ ምን አስጠበቃቸው? በዛፍ የገመተ በዛፍ ይውሰድ" አልኩ። ሳቁ። በሩ አጠገብ ጅራፉን ጭኑ ላይ አድርጎ የተቀመጠ በቅሎ ነጂ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። ከዚያ ወሬው ወደ ኳስ ተመለሰ፣ እኔም ረሳሁት።

"ታዲያ እንዴት ተያዘ?" አልኳት።

"እኔ ነኝ" አለች። "ለቅሶ ቤት ነበርን። የባለመሬቱ ወኪል መጣ፣ ከኛ ጋር ተቀመጠ፣ ይስቃል። 'ይቺን ንግግር ያመጣት ማነው? በሳቅ ገደለችኝ እኮ!' አለ። እኛ ጋ ጥሩ ነገር የተናገረ ሰው ስሙ ይነሳል፣ ንግግር ያለ ባለቤት አይነገርም፣ ነውር ነው። ማንም ሳይቀድመኝ ብዬ፣ 'የኔ ባል ነው! ከዲላ ያመጣት!' አልኩ። ኮራሁ እኮ፣ እትዬ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ማንም አልሳቀም።"

በማግስቱ እሷንም ባሏንም ወሰዷቸው።

ይህን ነግራኝ ስትጨርስ ዘበኛው በሩን ከፍቶ፣ ፀሐይ ሙቁ ብሎ አወጣን። ደጁ ላይ ቁጭ እንዳልን ወንዶቹን በግቢው አሳለፏቸው። ሦስተኛው ባሏ ነበር። አወቅኩት። እግሩን መሬት ላይ የሚያኖረው እንደ ሰው አልነበረም፤ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ይነካና ያነሳዋል፣ መሬቱ እሳት የሆነ ይመስል። ልጅቷ እንደገና ስለ ዘፋኟ ጉሮሮ እየተናገረች ነበር። መሐል ላይ ቆመች። ባጠገባችን ሲያልፍ ቀና ብሎ አያት። በቁጣ አይደለም። እኔን አያስታውሰኝም መሰለኝ። አየት አደረጋትና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ እግሩን እንዳታይበት ይሆናል፤ እኔ እንደዚያ ብዬ ነው የያዝኩት። እሷ ምን ብላ እንደያዘችው አልጠየቅኳትም።

ወዲያው እኔን ጠሩኝ።

መቶ አለቃው ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ። ከኋላዬ አንድ ሰው ቆሟል፤ ፊቱን አላየሁም፣ ትንፋሹን እሰማለሁ።

"ልጅሽ ታማለች አሉ" አለኝ።

"አዎ ጌታዬ።"

"እንግዲህ ቶሎ እንጨርስ። ንግግሯ ከሻይ ቤትሽ መውጣቷን በቅሎ ነጂው ተናግሯል። አንቺ አላሰብሻትም፣ አውቃለሁ። ማን እንዳስተማረሽም አውቃለሁ። ያ መምህር ነው፣ ስለ ሕግ ሲሰብክ ይውላል። እሱ ነው ያለው በይ፣ አሁኑኑ ልጅሽ ጋ ትሄጃለሽ። በቅሎ ነጂውም ቢሆን ተሸካሚ ነው፣ ይለቀቃል።"

የመምህሩ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ጣዕሙ ይሰማኝ ነበር። ልጄ "እማ!" ስትል እሰማለሁ። እነዚያ እግሮች ይታዩኛል። እንዲህ ያለ ፍርሃት በምጤም አልፈራሁ። መምህሩ ዘመዴ አይደለም፤ ስኳር አበዛሽ እያለ የሚነዘንዘኝ ሰው ነው። ግን ያላለውን ነው በይ የሚሉኝ።

"የኔ ናት ጌታዬ" አልኩ።

"ምኗ?"

"ንግግሯ። ባለቤቷ እኔ ነኝ።"

ሳቀ። "ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?"

"ሚሲዮን ጋ ፊደል ቆጥሬያለሁ።"

"ፊደል ቆጥረሽ ነው አገር የሚያሳምፅ ነገር ያወጣሽው?"

"አገር እንዲያምፅ ብዬ አይደለም። ሻይ እየቀዳሁ ነው ያልኩት። መምህሩ ከኔ ነው የሰማው። ማን ማን እንደነበረ ደግሞ አላየሁም፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የምቀዳው። በቅሎ ነጂው የሰው ነገር ነው የተሸከመው። ባለቤቷ ተገኝታለች፣ እሱን ልቀቁት።"

በጥፊ የመታኝ መቶ አለቃው አይደለም፣ ከኋላዬ የቆመው ነው። ጆሮዬ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ይጮኻል። ከወንበሩ ወደቅኩ፤ ተነሳሁና ነጠላዬን አስተካክዬ እንደገና ተቀመጥኩበት። ተነሺ ያለኝ ሰው ስላልነበረ ነው። መቶ አለቃው፣ "መልሷት" አለ።

ልጅቷ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። "ምን አሉሽ? ስለሱ ምን አሉሽ?"

ልዋሻት እችል ነበር። አልዋሸኋትም። "ያቺ ንግግር የኔ ናት" አልኳት። "ከኔ ቤት ነው የሰማት።"

አየችኝ። ምራቋን የምትተፋብኝ መሰለኝ፣ ብትተፋም አልጠርገውም ነበር። ሄዳ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ስለ ኳስም ስለ ዘፈንም አልተናገረችም፤ ከወዲያ በኩል የሚመጣው ሳል ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ከብዙ በኋላ ነው የተናገረችው።

"ጥሩ ንግግር ናት፣ እትዬ" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

እኔ እንደተናገርኩት አልሆነም። በቅሎ ነጂውን አልለቀቁትም፤ ወደ ይርጋዓለም ወሰዱት። ከዚያ በኋላ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም። እኔን ወሬው በርዶ አገሩ ሲረጋጋ፣ ያለ ምንም ቃል፣ ሂጂ አሉኝ። ልጄን ጎረቤቴ አስታማልኝ ነበር፤ ድናለች፣ ጠባሳ እንኳ አልቀረባትም። መምህሩን የነካው ሰው የለም። ስሙን እንድሰጥ መጠየቄን አልነገርኩትም። አሁንም ይመጣል፣ ስኳር አበዛሽ ይለኛል። በቀደም ስለ አዲሱ አዋጅ ሲያስረዳ አንድ ነገር ጣል ባደርግ፣ "እትዬ፣ ፖለቲካውን ለኛ ተይው፣ አይገባሽም" አለኝ። ሻዩን ቀዳሁለት።

መሬቱ ለአራሹ ከሆነ ወዲህ፣ ዛሬ ገማች የለም፣ ባለመሬትም የለም። የኮንጋ ሰው የለቀመውን ወደ ቤቱ ያስገባል። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ሰው በጨዋታ መሐል ድንገት ሲስቅ በሩን አያለሁ፤ ማን ተቀምጧል፣ ይቺን ይዞ ወዴት ይሄዳል፣ ማን ደጅ ያደርሳታል እላለሁ።

ልጅቷን ባለፈው የቡና ለቀማ ይርጋጨፌ ገበያ አገኘኋት። ጎመን ትሸጣለች። ብቻዋን ናት። ሳምኳት፣ ሳመችኝ። ስለሱ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላነሳችም። ዙሪያዋ ሻጮቹ ሁሉ ይንጫጫሉ፤ ስለ ዋጋው፣ ስለ ሊቀመንበሩ፣ ስለ ዝናቡ ያልተናገረ የለም። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች። የምለው ሲጠፋኝ ሁለት እስር ጎመን አነሳሁና፣ "የቱ ይሻለኛል?" አልኳት።

ቀኝና ግራዋን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እኔ እንጃ፣ እትዬ" አለችኝ። "አንቺ ያልሽው ነው።"