የዋሱ ድምፅ

ካሴቱን ያገኘሁት ከአባቴ ሳጥን ሥር፣ በእናቴ አሮጌ ሻሽ ተጠቅልሎ ነው። አገኘሁት ስል ራሴን እየሸነገልኩ ነው፤ የደበቅሁት እኔው ነኝ፤ የት እንዳለም ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ጠፍቶኝ አያውቅም። ወላጆቼ ካለፉ በኋላ ቡታጅራ ያለው ቤታችን ሊከራይ ሆነና ዕቃ ላወጣ ከወልቂጤ መጥቼ ነበር። ሻሹን ስፈታው አስነጠሰኝ። የበርበሬ ብናኝ ነው። ያን ያህል ዓመት ታፍኖ ኖሮ አሁንም ያስነጥሳል። በካሴቱ ላይ በወንድሜ የተንጋደደ የእጅ ጽሕፈት «አይሰረዝ» ይላል።

በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ሞባይል ገና ወደ ከተማችን ሳይገባ፣ አባቴ የቤታችንን የፊት ክፍል ቪዲዮ ቤት አድርጎት ነበር። ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ብርሃን እንዳይገባ የተቸነከረ ብርድ ልብስ። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤታችን የበርበሬ መጋዘን ነበር። ፀሐይ በብርድ ልብሱ ቀዳዳ ስትገባ ቀዩ ብናኝ በጨረሯ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል። እኛ ቤት ፊልም ያየ ሰው ሳያስነጥስ አይወጣም፤ አሳዛኝ ፊልም የመጣ ዕለት ማን እንዳለቀሰና ማን በርበሬው እንደበላው አይለይም ነበር።

የሰዉ ፍቅር ግን ሬስሊንግ ላይ ነበር። ከሁሉም ደግሞ ቀይ ካባ ደርቦ የሚገባ አንድ ግዙፍ ሰው ነበር። የእንግሊዝኛ ስሙ ለአፋችን ስላልተመቸ «ባለካባው» አልነው፤ ፖስተሩም ከቴሌቪዥኑ በላይ ተለጠፈ። ባለካባውን አማርኛ ያናገረው ወንድሜ ነው። ወንድሜ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ ያደርግና ከዴኩ ጎን ቆሞ ይተረጉማል። እንግሊዝኛው ከእኔ አይሻልም ነበር። ስለዚህ ከራሱ ይፈጥራል፦

«አያችሁት? ‹ድንበሬን ገፋህ› ነው የሚለው! ‹ሽማግሌ ብልክብህ እንቢ አልክ› ነው የሚለው!»

የባለካባውን ጠላት ደግሞ በርበሬ ላይ ውሃ እያርከፈከፈ የሚሸጥ አጭበርባሪ ደላላ አደረገው። የመጋዘኑ ባለቤት፣ በርበሬ ነጋዴው፣ ትልቅ ሰውና ሀጂ ሆነው ሳለ ከወንበራቸው ይነሱ ነበር፦ «በለው! ወላሂ እኔንም ያከሰረኝ እሱ ነው!» ባለካባው ወድቆ ሲዘረር ቤቱ ጸጥ ይላል። ወንድሜ እጁን ያነሣና በዚያ በመስቃን ጉራጌ ለዛው «ቆዩ፣ አሁን ይነሣል» ይላል። ይነሣልም። አዛን ሲል ደግሞ ወንድሜ ፖዝ ይጫናል፤ ሰዉ ሰግዶ እስኪመለስ ባለካባው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ በሚንቀጠቀጥ መስመር መካከል ይጠብቀዋል።

አንድ ከሰዓት፣ አረፋ ሦስት ወር ሲቀረው፣ ከጎጃም መጥቶ ሒሳብ ያስተምረን የነበረው አስተማሪ የስፖርት ጋዜጣ ይዞ ገባ። ባለካባው ትግሉን ትቶ የፊልም ተዋናይ ሊሆን ነው ብሎ አነበበልን። ሰዉ መርዶ የተረዳ መሰለ።

«ፊልም?» አሉ በርበሬ ነጋዴው። «ፊልም ላይ እኮ ዱላው የውሸት ነው!»

«ትግሉስ?» አለ አስተማሪው። ሁሉም ዞሮ አየው፤ ሁለተኛ አልደገማትም።

በቀልድ ይሁን በምር እስከዛሬ አልገባኝም፤ በማግስቱ ግቢያችን ካለው አቮካዶ ሥር ሸንጎ ተቀመጡ። ፖስተሩ ወጥቶ ግንዱ ላይ ተለጠፈ። በርበሬ ነጋዴው ከዘራቸውን ይዘው ቆመው ከሰሱት፦ «ሥራችንን ትተን አየነው። ሲወድቅ ወደቅን። ዛሬ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይለን ይሄዳል?» በእኛ አገር ደንብ ተከሳሽ ካልቀረበ ዋስ ይጠራለታል። በቀጠሮው ካልመጣ ዋሱ ይጠየቃል። ዋሱ ራሱ ከጠፋ ግን ከዚያ የባሰ ውርደት የለም፤ ሰላምታ ይነፈጋል። ዋስ ማን ነው ሲባል ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ወንድሜ ተነሣ።

«እኔ ነኝ ዋሱ» አለ። «ሰው ሌላ ሙያ አማረው ማለት ወዳጁን ጠላ ማለት ነው እንዴ? እዚህ ከተቀመጣችሁት ወንድሙን መርካቶ ያልሸኘ ማን ነው?»

«መርካቶ የሄደ ለአረፋ ይመጣላ!» አሉ በርበሬ ነጋዴው።

«እንግዲያው እሱም ለአረፋ ይመጣል።»

አትሳቁ። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ከአገሩ የወጣ ሰው በሙሉ ለአረፋ ሲመለስ ነው ሲያዩ የኖሩት፤ አሜሪካ ያለው ሰው የማይመለስበት ምክንያት አልታያቸውም። አስተማሪው ብቻ «ሰውየው እስላም መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ አንዱ «ካልሆነም ለመስቀል ይምጣ!» አለው። ተፈረደ፦ ፖስተሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እስከ አረፋ ይጠብቃል፤ ሰውየው ቢመጣ ይገለበጥለታል፤ ባይመጣ ዋሱ ይጠየቃል።

ወንድሜ ለምን እንደተነሣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከወር በፊት በከተማችን ያለፈ የአዲስ አበባ የቲያትር ቡድን አለቃ ቪዲዮ ቤታችን ገብቶ ሲተረጉም ሰምቶት ኖሯል። «ና፣ ተዋናይ ትሆናለህ» ብሎታል። ይህን የነገረኝ የተጠላለፈ ካሴት በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩለት ሳለ ነው። ለአባቴ ፍንጭ ሰጥቶ ሞክሮት ነበር፤ አባቴ «እኔ ስሞት ሂድ» ብሎ ዘጋው። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስቅም ሲበላም ዓይኔን ከእሱ አላነሣም ነበር። ይሄዳል፤ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ለማንም አልናገርም ብዬ ምያለሁ።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በእኩለ ቀን ቤቱ ባዶ ሳለ፣ የአባቴን ቴፕ ከዴኩ ጎን አስቀመጠ። ሰዉ በጣም የሚወደውን ግጥሚያ ከፈተና ከደወል እስከ ደወል በድምፁ ቀዳው። እኔ ማይኩን ይዤ ነበር። «እንዳትስዪ» ብሎኝ ሳለ በበርበሬው ምክንያት አንዴ ሳልኩ፤ በዓይኑ ገርመም አደረገኝ። መሃል ላይ አዛን ሆነ። ቴፑን ሳያጠፋው ዴኩን ፖዝ አድርጎ ሰገደ። ከዚያ ቀጠለ። ግጥሚያው ሲያልቅ ወደ ማይኩ ተጠጋ፦

«ሀጂ፣ ሁላችሁም፣ ዋስ ነኝ ብዬ ነበር፤ አልካድኩም። እኔም እሄዳለሁ፤ ግን ለአረፋ እመጣለሁ። እስከዚያ ድምፄ እዚሁ ነው። ደወሉ ሲመታ ቴፑን ክፈቱት። ፖስተሩን አታውርዱብኝ።»

ካሴቱን እጄ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አጠፈልኝ። «ስሄድ ስጫቸው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ለአባቴ ሳይነግር አውቶቡስ ተሳፈረ።

አልሰጠኋቸውም። ተቆጥቼ አይደለም፤ በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አሳቤ እንዲህ ነበር፦ ድምፁን ካገኙ ይረካሉ፤ ከረኩ ማንም አይጠራውም። ቤቱ ጭር ካለ ግን ይናፍቁታል፤ ከናፈቁት ሽማግሌ ልከው ያስመጡታል። ናፍቆት ሰውን እንደሚጎትት ነበር የማውቀው፤ ሲቆይ ወደ ቂም እንደሚዞር ማንም አልነገረኝም።

ቤቱ ጭር አለ። አባቴ ግጥሚያዎቹን በእንግሊዝኛቸው አሳየ፤ ሰዉ ገብቶ ትንሽ ያይና ይወጣል። በርበሬ ነጋዴው አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመው ለአባቴ «ልጅህ ባይመቸው ሂድ ባልነው፣ በመረቅነው ነበር» አሉት። «ዋሱ ራሱ ይጠፋል?» እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ፤ ካሴቱ ከአሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። እግሬ ግን አልተነሣም፤ ከቀን ወደ ቀን ደግሞ መናገሩ እየከበደ ሄደ።

አረፋ ደረሰ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት መኪኖች ጣራቸው በሻንጣና በፍራሽ ተቆልሎ ሲገቡ ከተማው በሙሉ ወደ መናኸሪያ ወጣ። ወንድሜ ቃሉን ጠብቆ መጣ። አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ከሩቅ ሳቁ ይታያል። በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሰዎች ሄደና «አሰላሙ ዓለይኩም» አለ። ሰላምታ አይመለስም አይባልም፤ አንድ ሁለቱ በአፋቸው ውስጥ መለሱለት። በርበሬ ነጋዴው ግን ጀርባቸውን ሰጡት። ያ ሰፊ ጀርባ፣ ለበዓል የተተኮሰው ነጭ ጀለቢያ፣ እስካሁን ዓይኔ ላይ ነው። ወንድሜ የዘረጋውን እጅ ወዴት እንደሚያደርገው አጥቶ ኪሱ ከተተው።

ግቢያችን ስንገባ አቮካዶው ሥር አስቆመኝ።

«ካሴቱን ሰጠሻቸው?»

«አዎ።»

«ሰሙት?»

«ሰሙት።»

«ሰምተውም ነው እንዲህ የሆኑት?»

እዚህ ላይ መናገር እችል ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችኝ። አስቡት፣ በዓሉም ገና አልተጀመረም፤ ሁሉም ሰው ከተማው ውስጥ ነበር። እኔ ግን አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ የዞረውን ፖስተር ገብቶ አየውና ወጣ። የበዓሉን ሥጋ አልቀመሰም። በነጋታው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለለቅሶ ካልሆነ መጥቶ አያውቅም፤ ለአረፋማ አንድም ጊዜ።

ተዋናይ ሆነ። ትልቅ አልሆነም፤ በየድራማው ዘበኛ፣ ደላላ፣ አሁን አሁን ደግሞ የሙሽራ አባት ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ በቴሌቪዥን ያየነው ዕለት አባቴ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ወንድሜ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ ይናገራል፤ ያ ለዛው የለም። አባቴ እስከ መጨረሻው አይቶ «መልኩ የእኔ ልጅ ነው» አለ። ቪዲዮ ቤቱ ከዚያ በፊት ተዘግቶ ነበር።

ዕቃ ላወጣ መጥቼ ሻሹን የፈታሁ ዕለት፣ ካሴቱን እንደያዝኩ ወደ ጎረቤት ገባሁ። መጋዘኑን አሁን የሚያስተዳድረው የበርበሬ ነጋዴው ልጅ ነው፤ ሀጂ አርጅተዋል፤ በር ላይ ጆንያ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከአጠገባቸው ዜና የሚሰሙበት አሮጌ ቴፕ አለ። «ሀጂ፣ ይህን ወንድሜ ለእናንተ ትቶላችሁ ነበር። የደበቅሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። የገባቸው አልመሰለኝም። ካሴቱን ከተትኩና ከፈትኩት።

መጀመሪያ ሻሻሻ አለ፤ ከዚያ ደወሉ። ከዚያ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድሜ፣ ለዛው ሳይጎድል፦ «መጣላችሁ! ካባውን ጣለው!» የሽማግሌው እጅ ከዘራው ላይ ጠበቀ። ስለ ውሸታሙ ደላላ ሲናገር ድድ ብቻ በቀረው አፋቸው ሳቁ። ከድምፁ ኋላ የአንዲት ልጅ ሳል ተሰማ፤ አዛኑ ደረሰ፤ ቴፑ ባዶውን ዞረ። የመጨረሻው ንግግር ሲመጣ ሀጂ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ለአረፋ እመጣለሁ ብሎ ነበር?»

«ብሎ ነበር።»

«መጥቶም ነበር እኮ።»

«አዎ ሀጂ፤ መጥቶ ነበር።»

ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ጀርባዬን ሰጠሁት» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺም ልጅ ነበርሽ» አሉኝ። ይህ ምሕረት ነው፤ እኔ ግን ቁጣቸውን ነበር የፈለግሁት። ከዚያ «ደውዪለት» አሉ።

ደወልኩ። ሳነባ ሰምቶ ማን ሞተ ብሎ ደነገጠ። ማንም አልሞተም አልኩት። ካሴቱን አልሰጠኋቸውም ነበር፤ የዚያን ቀን ዋሸሁህ አልኩት። የምለው ቢጠፋኝ ካሴቱን ትንሽ መለስኩና ስልኩን ቴፑ ላይ አስጠጋሁት። የራሱ ድምፅ «ቆዩ፣ አሁን ይነሣል» ሲል ትንፋሹን ሰማሁት።

«እዚያ ማን ማን አለ?» አለኝ በመጨረሻ።

መንገዱን አየሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ አገር ለቋል፣ አስተማሪው ወደ አገሩ ከተመለሰ ቆይቷል። ሀጂ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ሁሉም አሉ በይው ማለታቸው ነው።

«እኔና ሀጂ ነን» አልኩት። «ሌላ ማንም የለም።»

ቀጥሎ የሰማሁት በድራማ የምናውቀው ድምፁ አልነበረም፤ ያ የቪዲዮ ቤቱ ለዛ ተመልሶበታል።

«እንግዲያው ካሴቱን መልሺና ከመጀመሪያው ክፈቺላቸው» አለኝ።