የአንጋጣጩ ቀለበት

ባሌ ፎቶ አንሺ ነው፤ ወግ ነው! ሰፈሩ "አንጋጣጩ" ይለዋል፤ እውነታቸውን ነው። ደንበኛ ስቱዲዮው ውስጥ ወንበር ላይ ተጎልቶ እያለ፣ እሱ ደጅ ወጥቶ አውራ ጣቱን ፀሐይዋ ላይ ደቅኖ ሰማይ ሰማይ ያያል። ስስ ደመና ሲጋርዳት አንዳንዴ ዙሪያዋን ቀለበት ይሠራል፤ እሱን ለማንሳት ነው ይኼ ሁሉ። "እዚያ ላይ እኮ በረዶ አለ፤ ብርሃኑን የሚያጥፈው እሱ ነው" ይለኛል። እኛ እዚህ በሙቀት እንጠበሳለን፣ እሱ በረዶ ያወራል!

እህቴ ሆስፒታል ከተኛች ሰነበተች። አንድ ልጇ ስትዳር ከአልጋ መነሳት ስላልቻለች የባሌን እጅ ይዛ ለመነችው።

"ወንድምዬ፣ አደራህን፣ ቀለበቱን አንሳልኝ። ሙሽራው ሲያጠልቅላት ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ልየው።"

"ምን ገዶኝ! አሳምሬ አነሳልሻለሁ" አላት። ምላሱማ መቼ ያንሰዋል።

በሠርጉ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ "ስልካችሁን ክተቱ፣ ፎቶዬን ታበላሹብኛላችሁ" ብሎ እንግዳውን ሁሉ ተቆጣ። እኛም ባለሙያ ነው ብለን ሰማነው፤ አይ ሞኝነት! ሙሽራው ቀለበቱን ሊያጠልቅላት ሲል የኔ ጉድ ቀና አለ። ለካ ፀሐይም ከሙሽራዋ ቀድማ ቀለበት አስራለች! ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው? "አንድ ደረጃ ውጪ! ወደ ግራ! በጭንቅላትሽ ፀሐይዋን ጋርጂልኝ!" እያለ ምስኪኗን ልጅ እንደ ምሰሶ ገተራት። ራሱ መሬት ላይ ተጋድሞ ሽቅብ ቀጭ ቀጭ አደረገ።

በማግስቱ አሳትሞ ሲያመጣው ነጥቄ አየሁት። ሰማዩ ላይ ትልቅ፣ ውስጡ ቀላ ያለ ቀለበት አለ። መሃሉ ላይ ሙሽራዋ ቆማለች፤ ፊቷ ግን ከሰል ነው። የቀሩት ፎቶዎችም ያው ናቸው።

"ልጅቷ የታለች?" አልኩት።

"ቀለበቱን አንሳ አይደል ያለችኝ? ይኸው ቀለበት! እንዲህ ሙሉ ሆኖ መቼ አግኝቼው አውቃለሁ!"

ዓይን አውጣ! ካሜራውን አናቱ ላይ ብከሰክሰው ደስ ባለኝ። እባክህ አታሳያት ብለው፣ እሱ እቴ! ጠቅልሎ ታቅፎ ሆስፒታል ሄደ፤ እኔም እየተራገምኩ ተከተልኩት።

እህቴ መነጽሯን አደረገችና ፎቶውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ዓይኗ ቀለበቱን አልፎ ጥቁሩ ፊት ላይ አረፈ። የቆሸሸ መስሏት፣ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ የልጇን ፊት ትፈትግ ጀመር። አንጋጣጩ ያኔ መሬት መሬት አየ። እሷ ግን አልለቅ ሲላት ጣቷን ደግማ አራሰች።