ዓይኔና የአዴ ጆግ

ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ሰውን አይደለም፤ ጆጉን ነው። ይህን እንደ ነውር የሚቆጥሩብኝ አሉ። ይቁጠሩ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሱሴ ደግሞ በሰው ትንፋሽ ተነፍተው የተሠሩ የድሮ የብርጭቆ ጆጎችን መሰብሰብ ነው። ድሬ ዳዋ ውስጥ ሌላው ሰው ሱሱን ጉንጩ ውስጥ ወጥሮ ሲዞር ማንም ምንም አይለውም። እኔ አንድ ጆግ ገልብጬ ባየሁ ግን ሰፈሩ ይንጫጫል።

መገልበጡ ደግሞ የግድ ነው፤ የጆግ እውነቱ ያለው ቂጡ ላይ ነዋ። እጀታና አፍ ሲሠራለት ጆጉ በብረት ዘንግ ጫፍ ተይዞ ይቆያል። ሲያልቅ ከዘንጉ ይላቀቃል፤ የተላቀቀበት ቦታ ታች ላይ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። አውራ ጣቴን ሰድጄ ሻከር ካለኝ ልቤ ይዘላል። ከዚያ ጎኑን አያለሁ። የፋብሪካ ከሆነ ከላይ እስከ ታች የቅርጹ መስመር ይኖርበታል፤ የእጅ ከሆነ የለበትም። ውስጡ አረፋ ካለና አንገቱ ዘመም ካለ በቃ፣ እዚያ ቤት ምሳ ቢቀርብልኝም አይታየኝም።

በባቡሩ ዘመን የመጡት የውጭ ሰዎች ሲሄዱ ዕቃቸውን እየሸጡ ስለሄዱ እኛ ከተማ እንዲህ ያለው ጆግ አይጠፋም። አጭበርባሪም አይጠፋም። አንዱ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ የተገዛ አዲስ ጆግ ቂጡን በሞረድ ፍቆ፣ «የፈረንሳዮቹ ነው፣ ወላሂ!» ብሎኝ ነበር። የዋጋው ወረቀት እጀታው ሥር እንደተለጠፈ ነው። «ፈረንሳዮቹም ታይዋን ነበር እንዴ የሚገበያዩት?» ብዬው ሄድኩ።

አንዴ ደግሞ ለቅሶ ቤት ውሃ እንዳለበት ረስቼ ገለበጥኩና ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ራስኩ። ማዶ የተቀመጡ ሴትዮ፣ «ሟች ምኗ ነበሩ? እንዲህ በእንባ የታጠበችው!» ሲሉ ሰማሁ።

የአዴ ጆግ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። አዴ እኛ ጋ እናት እንደማለት ነው። የእናቴ ጓደኛ ናት፤ እኛ የምንኖረው ከዚራ ሰፈር፣ እሷ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ። እናቴ የሞተች ጊዜ ሰው ሁሉ አጽናንቶኝ ሲሄድ አዴ አልሄደችም። ፍራሽ አነጠፈችና አጠገቤ ተኛች። ከዚያ ወዲህ ለእኔ እናቴ እሷ ናት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማናውቅ «አንቺ» እያልኳት፣ እሷም «ልጄ» እያለችኝ እንኖራለን።

አንድ ከሰዓት ቤቷ ስደርስ ምራቷ ቁም ሳጥን ከፍታ ዕቃ ትወለውላለች። ከዕቃው መሃል አየሁት፤ አዴ ከሠርጓ ጀምሮ ያስቀመጠችው፣ ለእኔ አንድም ቀን ያላሳየችኝ ጆግ! ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ አንገቱ ወደ ግራ ያዘመመ፣ አረፋው ደግሞ እንደ ጠላ።

«አዴ! ይሄ ቤትሽ እያለ ነው ዝም የምትዪኝ? እንዴት ያምራል! በሕይወቴ እንዲህ ያለ አላየሁም!»

ገለበጥኩት፣ ዳሰስኩት፣ ብርሃን ላይ አየሁት፣ አሸተትኩት ሁሉ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ማሻአላህ አላልኩም።

ድሬ ያደገ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ የሰው ልጅ ወይም የሰው መኪና ሲያደንቅ ክፉ እንዳይነካው ማሻአላህ ይላል። እኔም ሁሌ እላለሁ። የዚያን ቀን ጆጉ አፌን ያዘው። አዴ ጠበቀችኝ። ነፍሰ ጡር የነበረችው ምራቷም እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። እኔ ስለ አረፋው ማስረዳቴን ቀጠልኩ።

በሳምንቱ ጆጉ ተሰነጠቀ።

የሆነው ግልጽ ነው። በዚያ ሙቀት መስኮት ሥር ሲግል ዋለ፤ ምራቷ በረዶ ያለበት ውሃ ሞላችበት። በእጅ የተሠራ ብርጭቆ አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ስስ ነው፤ ድንገት ሲቀዘቅዝ እኩል አይኮማተርም፤ እጀታው ሥር ጠሽ አለ። ይህን ሁሉ በስልክ ለአዴ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ምንድን ነው አልሽኝ ስሙ?»

«ፊዚክስ።»

«እኛ ዓይን ነው የምንለው» አለችኝ።

ወሬው ደቻቱን ለመሻገር ድልድይም አላስፈለገው። ሰው ቤት ስገባ ብርጭቆ ሁሉ ይሰወር ጀመር። ሻይ በፕላስቲክ ኩባያ፣ ውሃ በፕላስቲክ ጆግ። እኔ! የብርጭቆ ወዳጅ! አንዷ ጎረቤቴማ በር ስትከፍትልኝ መነጽሯን አወለቀች። መጀመሪያ እስቅ ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሆን ብዬ ቁም ሳጥናቸው ላይ አፈጥባቸው ነበር።

ሳቄን የጨረሰው የልጁ መወለድ ነው። የአዴ ምራት ይህን ልጅ ያገኘችው ስንት ሐኪም ቤት ተንከራትታ፣ ስንት ዱዓ ተደርጎላት ነው። ተወለደ ሲሉኝ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዤ በረርኩ። አዴ በሩ ላይ ወጣችና ዱቄቱን ተቀበለችኝ።

«ተኝተዋል» አለች።

በሌላ ቀንም ተኝተዋል። በሌላውም። አንድ አራስ ይህን ያህል ይተኛል እንዴ? ከውስጥ ልጁ ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ አዴም እንደሰማሁት ታውቃለች፤ ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን። ቤቴ ገብቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ፣ አልወለድኩ። አዴ በሯን ከዘጋችብኝ ልጄ የሚለኝ ሰው አይኖርም። መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ጆጎች እንደሆነ አፍ እንጂ ምላስ የላቸውም።

አንድ ጠዋት አዴ ደወለች። «ቲቸር» አለችኝ። ቲቸር የምትለኝ ስትፈራኝ ነው። «አትቆጪም?»

«ተናገሪ አቦ!»

«ፊትሽንና እጅሽን ታጠቢና ውሃውን አምጪልኝ። የልጁ እግር ላይ ጠብ እናደርግለታለን፤ ዓይን ያስለቅቃል። ከዚያ የምራቴ ልብ ይረጋል፤ ትገቢያለሽ።»

ደሜ ፈላ። «እኔ? ስለ ሙቀት ሳስተምር የኖርኩ ሴትዮ፣ ልጅ የምበላ ቡዳ ነኝ ብዬ በገዛ እጄ ልመስክር?»

«ማን ቡዳ አለሽ? ዓይን ከመውደድም ይመጣል። እናትም በልጇ ላይ አላት። ወደሽው እንዳየሽው ጠፍቶኝ ነው?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጅቷ እኮ እንቅልፍ የላትም። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን ስታዳምጥ ታድራለች። ፊዚክስሽ ያስተኛታል?»

አያስተኛትም። ይህን እኔም አውቃለሁ።

«እሺ» አልኩ።

«በንጹሕ ዕቃ አድርጊው፤ ፕላስቲክ ደግሞ እንዳይሆን።»

ፕላስቲክ እንዳይሆን! ስንት ወር በፕላስቲክ ሲያጠጡኝ የከረሙ ሰዎች! በእልህ ከስብስቤ አንደኛውን፣ ለእንግዳ እንኳ የማላወርደውን ሰማያዊውን ጆግ አወረድኩ። ሳሙና ልጠቀም አልጠቀም ግራ ገብቶኝ መልሼ ደወልኩ። «ሕፃን ነው፣ ሳሙናውን ተዪው» ተባልኩ። ሳፋ ላይ ታጥቤ፣ ውሃውን ጆጉ ውስጥ ገልብጬ ባጃጅ ያዝኩ።

ሹፌሩ ጆጉን እንዳቀፍኩ በመስተዋቱ አየኝ። «እቱ፣ ጸበል ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ የምትሳሺለት?»

«ፊቴን የታጠብኩበት ውሃ።»

ድልድዩን ተሻግረን መጋላ እስክንደርስ መስተዋቱን ወደ ጣሪያው አዙሮ ነዳ። ስወርድ ሒሳቡንም ሳይቀበለኝ ነድቶት ጠፋ።

አዴ ጆጉን በሩ ላይ ተቀብላኝ ገባች። ከውጭ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። መጀመሪያ ጸጥታ፣ ቀጥሎ የልጁ ጩኸት፤ ውሃው ቀዝቅዞበት ነው መሰለኝ። ከዚያ የምራቷ ድምፅ መጣ፤ «ትግባ።»

ስገባ ዓይኖቿ ቀልተው፣ ፊቷ ገርጥቶ አገኘኋት። ያን ጊዜ ንዴቴ ሁሉ ወጣልኝ። ልጁን እቅፌ ውስጥ አደረገችው። ገና ሳላየው ማሻአላህ አልኩ፤ አይቼውም አልኩ። ፊቱ የተጨማደደ፣ አንዱ ጆሮው ከሌላው ከፍ ያለ፣ ከፋብሪካ እንዳልወጣ የሚያስታውቅ ልጅ ነው። እጄ ልማዱ ሆኖ ከሥሩ ደገፍ አድርጎ ወደ ጎን ማዘንበል ሲጀምር ምራቷ አየችኝ።

«እሱን እንኳ አትገልብጪው፤ ቂጡ ንጹሕ አይደለም» አለችና ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሳቋን የሰማሁት።

አዴ በዚህ መሃል የቀረውን ውሃ ደፍታ፣ ጆጉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታዋለች።

«ኧረ ይሄ ነገር! እንዴት ያምራል ያ ጀመዓ! እንዲህ ያለም አለ እንዴ?»

ጠበቅኩ። ምንም አልጨመረችም። ታገላብጠዋለች፤ ዓይኗ እንደተተከለ ነው። እጀታው ሥር ያለችው ስስ ቦታ ትዝ አለችኝ።

«አዴ፣ ማሻአላህ በይ!» ብዬ ጮህኩ።

ልጁ እንኳ ለቅሶውን አቆመ።

«ፊዚክስስ?» አለችኝ አዴ።

«አቦ ፊዚክስን ተዪውና በይ!»

ምራቷ ትራሱን ፊቷ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቃለች። አዴ እንባዋ እስኪመጣ ስቃ ስታበቃ ማሻአላህ አለች፤ ደግማም አለች። ሻይ አመጡልኝ። በብርጭቆ።

ሻዬን ስጨርስ፣ «ጆጉ ያንቺ ይሁን» አልኳት። «በተሰነጠቀው ፈንታ።» ከአፌ ሲወጣ ቆጨኝ፤ ግን ከልቤ ነበር።

አዴ ጆጉን በሻሿ ጠቅልላ አጠገቤ አስቀመጠችው። «እዚህ ቤትማ አይውልም። በየቀኑ እየመጣሽ ስታፈጪበት መች ይከርማል? ወስደሽ ቤትሽ ቆልፊበት።»

ከዚያ ልጁን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ልጁን ግን ነገም መጥተሽ እዪው፣ ልጄ» አለችኝ።