የአቶ ግርማ መኪና ያልተነሳችበት እሑድ

አብነት ሰፈር ያለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን ቱታዬን አስተኩሼ ነበር የሄድኩት። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሰርተፊኬቴንም በደረት ኪሴ ይዣለሁ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ወልዴ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «ለሠርግ ነው የመጣኸው?» አሉ። ሰርተፊኬቱን አልጠየቁኝም። ሞተሯ እየዞረ የማትነሳ አንዲት መኪና አጠገብ አቆሙኝ።

«ሞተሪኖው ያዞራታል፣ እሷ ግን አትነሳም። ሦስት ነገር ትጠይቃታለህ» አሉኝ። «እሳት አለሽ ወይ? ቤንዚን ደርሶሻል ወይ? ትንፋሽ አለሽ ወይ?» እሳቱ ካንዴላው የሚረጨው ብልጭታ ነው። ትንፋሹ ሞተሩ አየሩን አፍኖ የሚይዝበት ጉልበት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ብትገፋትም ብትለማመጣትም አትነሳም። በሠላሳ ምናምን ዓመት ሥራዬ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላገኘሁም።

ከረዳትነት ተነስቼ ዋና መካኒክ ሆንኩ። ስሜ የወጣው በጆሮዬ ነው። ሞተር ሲዞር ቆሜ እሰማና «ካንዴላ ነው»፣ «ፓምፕ ነው» እላለሁ፤ ብዙ ጊዜም አልስትም። አለመሳት ሰውን ያበላሻል። ኤሌትሪክ መድረሱን የምንፈትሽባትን ላምፓ ከመሳቢያ ማውጣት እየተውኩ መጣሁ። ላምፓ ይዞ መዞር የጀማሪ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ ደንበኞቻችን ሌባ ፈርተው ስውር ማጥፊያ ያስገጥሙ ነበር። ወደ ነዳጅ ፓምፑ የሚሄደውን ሽቦ ቆርጠን መሃሉ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ እናስገባለን፤ እሷን ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው ቦታ እንደብቃለን። ባለቤቱ ሲወርድ ያጠፋታል። ሌባው ቁልፍ ቢያዞር ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም።

ጋሽ ወልዴ ለዚህ ሥራ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። የተገጠመበት ቦታ አይጻፍም። ከባለቤቱ በቀር ለማንም አይነገርም። የገጠመው መካኒክም ቦታውን ይረሳል። «መኪና ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያዘው መካኒክ ነው» ይሉ ነበር። «የረሳ ሰው ምን ብሎ ይናገራል?» እሳቸው ሲያርፉ ጋራዡን ልጆቻቸው ወረሱ፣ ሕጉን እኔ ወረስኩ። መርሳትን እንደ ሙያ ተለማመድኩት፣ ሆነልኝም።

አቶ ግርማ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ባለቤታቸው ስላረፉ ከአንድ ልጃቸው ከራሔል ጋር ነው የሚኖሩት። ነጭ የቤት መኪናቸውን ሲያመጡ ማጥፊያ እንድገጥምላቸው ጠየቁኝ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ምንጣፉን በስቼ ገጠምኩላቸው።

«ለራሔል ላሳያት?» አሉኝ።

«ለማንም አያሳዩ» አልኳቸው። «አንድ ሰው ካወቀ ሰፈሩ አወቀ ማለት ነው።»

«እሺ፣ ሆድ ይፍጀው» ብለው ስቀው ሄዱ። እኔም እንደ ሕጌ ረሳሁት።

ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ ጠዋት ራሔል ደወለችልኝ። «ጋሽ ሸምሱ፣ አባዬ ወድቆብኛል። መናገር አልቻለም። መኪናዋ ደግሞ አልነሳም አለችኝ።» ቤቴ ቅርብ ስለሆነ የመፍቻ ሳጥኔን አንስቼ እየሮጥኩ ደረስኩ።

ጎረቤቶች ተሸክመው አውርደዋቸው በጋቢናው ከሾፌሩ ወንበር ቀጥሎ አስቀምጠዋቸዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተዝለፍልፏል፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ዓይናቸው ግን ያያል። መኪናዋን ሁልጊዜ የሚነዱት እሳቸው ነበሩ፤ ያን ቀን ራሔል መሪው ላይ ሆና ቁልፉን ደጋግማ ታዞራለች። አምቡላንስ ተደውሎለት «እየመጣ ነው» ተብሏል። ያን ሰሞን ታክሲዎቹ ሁሉ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነበሩ።

እንደዚያም ሆኖ ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ ጎረቤት ከአስፋልቱ አንድ ኮንትራት ታክሲ ይዘው መጡ። እኔ ያን ጊዜ ሞተሩን ሰምቼው ነበር። ፓምፕ መሆኑን በልቤ ጨርሻለሁ።

«አምስት ደቂቃ ስጡኝ» አልኩ። «የታመመ ሰው ከመኪና መኪና ማንገላታት ጥሩ አይደለም።»

ወይዘሮ ዘነበች፣ «እርግጠኛ ነህ ሸምሱ?» አሉኝ።

«የእጄ ሥራ ናት» አልኳቸው። ባለታክሲው ትንሽ ጠብቆ፣ ሰልፉ እንዳያልፈው ብሎ ሄደ። ማንም አላስቆመውም። መካኒክ መኪና አጠገብ ቆሞ አምስት ደቂቃ ካለ ሰው ያምናል።

አንድ ካንዴላ ፈትቼ አየሁ፤ እሳት አለ። የቤንዚኑን ቱቦ ከሞተሩ በኩል ፈታሁት፤ ራሔል ስታዞር ጠብታ አልወጣም። ስለዚህ የጎደለው ቤንዚን ነው፣ እስከዚህ ትክክል ነበርኩ። የኋላውን መቀመጫ አንስቼ ፓምፑን በመፍቻ መታ መታ አደረግኩት፤ አንዳንዱ ሲመታ ይነቃል። ድምፅ የለውም። ኤሌትሪክ ደርሶት እንደሆነ በላምፓ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ላምፓዋ ግን ጋራዥ መሳቢያ ውስጥ ናት። ፓምፑን መፍታት ጀመርኩ።

ከኋላ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ። አቶ ግርማ ጤነኛውን ግራ እጃቸውን ወደ ሾፌሩ ወንበር ሥር ይሰዳሉ። ከጉሮሯቸው ድምፅ ይወጣል፣ ቃል አይሆንም። ራሔል እጃቸውን ያዘችና ሳመችው። «አለሁ አባዬ፣ አጠገብህ ነኝ» አለች። እጃቸውን ከእጇ ሊያስለቅቁ ታገሉ። እሷ አጥብቃ ያዘች። እኔ ምንም ትዝ አላለኝም። ሰው ሲታመም ይወራጫል ብዬ ብሎኔን መፍታት ቀጠልኩ።

አምስት ደቂቃዬ አርባ ደቂቃ ሆነ። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰ አንድ ጎረቤት በራሱ መኪና ወሰዳቸው። አምቡላንሱ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

በማግስቱ ፓምፕ ገዝቼ ገጠምኩ። መኪናዋ አልተነሳችም። ያኔ ላምፓዋን አወጣሁ። ፓምፑ ጋ ኤሌትሪክ የለም። ሽቦውን እየተከተልኩ ወደ ፊት ሄድኩና ከሾፌሩ ወንበር ሥር ምንጣፉን ገለጥኩ። ቴፑ የእኔ ነው፤ ሦስት ዙር ጠምጥሜ ጫፉን የማጥፈው እኔ ብቻ ነኝ። ማብሪያዋን ተጫንኩና ቁልፉን አዞርኩ። በመጀመሪያው ተነሳች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ያደረግኩትን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። ማጥፊያዋን ነቅዬ ጣልኳት፣ ሽቦውን መልሼ ቀጠልኩት። ራሔል መጥታ «ምን ሆና ነበር?» ስትለኝ «ፓምፑ ነው» አልኳት።

አቶ ግርማ ከወር በኋላ ቤታቸው ገቡ። ቀኝ ጎናቸውም ንግግራቸውም አልተመለሰም። ሐኪሙ ቀደም ብለው ደርሰው ቢሆን ሊሻላቸው ይችል እንደነበር ለራሔል እንደነገራት ከወይዘሮ ዘነበች ሰማሁ። በረንዳቸው ላይ እንደሚቀመጡም ሰማሁ። ወደ ጋራዥ የምሄደው በበረንዳቸው ሥር ስለነበር፣ በተክለ ሃይማኖት በኩል ዞሬ መሄድ ጀመርኩ።

ስምንት ወር እንዲህ ዞርኩ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሄጄ አንኳኳሁ። አቶ ግርማ ሶፋ ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ በግራ አውራ ጣታቸው የሶፋውን ክንድ አንድ ጊዜ ተጫኑት፣ ማብሪያ እንደሚጫን ሰው። ራሔል ወንበር ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ማጥፊያውን፣ ለማንም አያሳዩ ማለቴን፣ ታክሲውን፣ ነቅዬ መጣሌን።

«አውቃለሁ ጋሽ ሸምሱ» አለች። «ከሆስፒታል ሳወጣው፣ መኪናዋ ውስጥ እንደገባ እጁን እዚያው ቦታ ሰደደ። ምንጣፉን ስገልጠው ቀዳዳና አዲስ ቴፕ አገኘሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«መናገር የነበረብዎት እርስዎ ነዎት። ብጠብቅ ብጠብቅ ቀሩ።» አባቷን አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ሌሊት የሚያባንነኝ ማጥፊያው አይደለም። እጁ ነው። እጁን የያዝኩበት እኔ ነኝ። ልቀቂኝ እያለኝ ነበር።»

ይቅር በሉኝ አልኩ። አቶ ግርማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በሚቀጥለው ዓመት አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራ እስካቆም ድረስ ስውር ማጥፊያ መግጠሜን አልተውኩም፤ ሌባውም አልተወንምና። ግን ባለቤቱ ሌላ የቤቱን ሰው ይዞ ካልመጣ አልገጥምም፤ ሁለቱም በእጃቸው ነክተው አጥፍተው አብርተው ካላሳዩኝ ቁልፉን አልመልስም። ቅር ብሎት ሌላ ጋራዥ የሄደ ደንበኛ አለ። ቦታውንም ደብተር ላይ ጻፍኩ፤ የሚጠረጥረኝ ይጠርጥረኝ አልኩ።

ለወጣት መካኒኮች የምለው አጭር ነው። እርግጠኛ በሆናችሁበት ቀን ላምፓ ይዛችሁ ሂዱ። መኪናው ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ደግሞ የሞተሩን ኮፈን አትክፈቱ፤ ታክሲ ጥሩ።